ዕቃው ሲታሸግ እንቅስቃሴው እንዳይታሸግ

ሐምሌ ገብቷል፤ የዝውውር ደብዳቤዎም ደርሷል እንበል። ከኮምቦልቻ ወደ መካነ ሰላም ሊሄዱ ነው። ኮምቦልቻ ተከራይተው የኖሩበት ቤት ሁለት ክፍልና አንድ ጓዳ ነበረው። መካነ ሰላም ያገኙት ግን ሦስት በአራት የሆነች አንድ ክፍል ናት። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ የልጆቹ ፍራሽና የማብሰያው ዕቃ ገብቶ ሲያበቃ በር ላይ የሚቀር ነገር አለ፤ የስፖርት ዕቃዎ።

ጥንድ ዳምቤል፣ የዝላይ ገመድ፣ የወለል ምንጣፍ፣ የሚለጠጥ ላስቲክ፣ ምናልባትም ውጭ ያለ ዘመድ የላከልዎ ባለበት የሚነዳ ብስክሌት ሊሆን ይችላል። ሐኪምዎ «ግፊትዎ ከፍ ብሏል፤ ስኳርዎም ወደ ጫፉ ተጠግቷል» ካለዎት ወዲህ ጨው ቀንሰው፣ ጠዋት ጠዋት በእነዚህ ዕቃዎች ላብዎን እያወጡ ነው ራስዎን የመለሱት። አሁን «ቦታ እስክናገኝ ድረስ» ተብሎ አንዱ ከአልጋ ሥር፣ ሌላው ከማድቤት ጥግ፣ ትልቁ ደግሞ አከራይዎ ሰርቪስ ቤት ይገባል። ቦታው ሳይገኝ ስድስት ወር ያልፋል። ዳምቤሉ ይዝጋል፣ ምንጣፉ ይሻግታል። በመጨረሻም ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የግፊት መለኪያው የድሮውን ቁጥር መልሶ ያሳይዎታል።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ምክራችን በሁለት ጉዳዮች ላይ ያተኩራል። አንደኛው፣ ቤት ሲጠብ ወይም ሲቀየር የስፖርት ዕቃን ማንንም በማይጎዳና ዕቃውም በማይበላሽበት መንገድ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው፣ ዕቃው በተቀመጠበት ጊዜ ሰውነትዎ አብሮ እንዳይቀመጥ ማድረግ ነው።

ሰውነት ስንት ቀን ይታገሣል?

ብዙዎቻችን «አንድ ሁለት ወር ባርፍ ምን አለበት?» እንላለን። ሰውነት ግን ያን ያህል አይታገሥም። በእንቅስቃሴ ያዳበሩት የልብና የሳንባ ብርታት ካቆሙ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። የጡንቻ ጉልበት ትንሽ ይቆያል፤ ይሁን እንጂ እሱም ከሳምንታት በኋላ መሸርሸሩ አይቀርም።

የስኳር ሕመም ላለባቸው ሰዎች ደግሞ ጊዜው ከዚህም ያጥራል። ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል፤ ሰውነትም ኢንሱሊንን በተሻለ መንገድ ይጠቀማል። ይህ ጥቅም ከአንድ ጊዜ እንቅስቃሴ በኋላ የሚቆየው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ገደማ ነው። ባለሙያዎች የስኳር ሕሙማን ሳይንቀሳቀሱ ከሁለት ተከታታይ ቀን በላይ እንዳይቆዩ የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የዝውውሩ ግርግር እስኪያልፍ ብሎ ወር መቀመጥ የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ከዚህ በተጨማሪ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ያስፈልጋል። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ደግሞ መውደቅን ለመከላከል በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ እንዲጨምሩ ይመከራሉ። ዝቅተኛው 150 ደቂቃ በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ለዚህ ደግሞ ሙሉ የስፖርት ክፍል አያስፈልግም።

ከመጫንዎ በፊት ሦስት ቦታ ይክፈሉት

መኪና ሳይመጣ ዕቃውን ሁሉ ወለል ላይ ያውጡና ሦስት ቦታ ይክፈሉት።

የመጀመሪያው፣ ዓይንዎ ሥር የሚቀመጠው ነው። ምንጣፉ፣ የሚለጠጠው ላስቲክና የዝላይ ገመዱ አንድ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ። ይህ ቦርሳ ከዕቃው ጋር አይጫን፤ እንደ ልብስ ሻንጣዎ ከእርስዎ ጋር ይሂድ። አዲሱ ቤት ሲገቡም የሚከፈተው በመጀመሪያው ቀን ነው።

ሁለተኛው፣ የሚከማቸው ነው። ብስክሌቱ፣ የመሮጫ ማሽኑ፣ ረጅሙ ብረትና ከበድ ያሉ ክብደቶች እዚህ ይመደባሉ።

ሦስተኛው፣ የሚሰጠው ወይም የሚሸጠው ነው። ባለፈው አንድ ዓመት ያልነኩት ዕቃ ጠባብ ክፍል ውስጥ ገብቶ የሚነካበት ዕድል አነስተኛ ነው። የሰፈር ወጣቶች፣ ትምህርት ቤት ወይም የወጣቶች ማዕከል ቢሰጡት ከማድቤት ጥግ ዝጎ ከሚቀር በብዙ ይሻላል። ነገር ግን የላላ፣ የተሰነጠቀ ወይም ሽቦው የተላጠ ዕቃ ለሰው አይስጡ። በተለይ ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው የሠሩት ዳምቤል ሲሚንቶው ከተሰነጠቀ ወይም እጀታው ከተነቃነቀ ከራስ በላይ ሲነሳ ተነቅሎ ሊወድቅ ይችላል። እንዲህ ያለውን መጣል ነው።

ሲያነሱና ሲጭኑ

በቤት ለውጥ ቀን ወገባቸውን የሚታመሙ ሰዎች ብዙ ናቸው። ክብደት ማንሳት የለመደ ሰውም ከዚህ አያመልጥም፤ የለመደው ተመጣጥኖ የተሠራ ብረት ስለሆነ መያዣ የሌለው ከባድ ካርቶን ሲያጋጥመው ይሳሳታል።

ክብደቶችን ሁሉ አንድ ጆንያ ውስጥ አይክተቱ፤ አንድ ሰው በቀላሉ ሊያነሳ በሚችለው መጠን ይከፋፍሏቸው። ሲያነሱ ከወገብዎ ሳይሆን ከጉልበትዎ ይጠፉ፣ ዕቃውን ወደ ሰውነትዎ ያስጠጉ፣ ይዘውት ሳሉ ወገብዎን አይጠምዝዙ፤ መዞር ካስፈለገ እግርዎን ያዙሩ። የደም ግፊት ካለብዎ ትንፋሽዎን አፍነው አያንሱ፤ ትንፋሽ ታፍኖ ከባድ ነገር ሲነሳ ግፊት በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ይወጣል። ነፍሰ ጡር፣ በቅርብ የወለደች ወይም ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ከዚህ ሥራ ይራቅ። ጫኝና አውራጅ ካለ ለነሱ መተው ይሻላል። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ቁርስ ሳይበሉ ዕቃ ማንሳት አይጀምሩ፤ ስኳር ወይም ከረሜላ ኪስዎ ውስጥ ይኑር።

ብስክሌቱና ማሽኑ የሚፈታ ክፍል ካላቸው በኪያቤና በካቻቢቴ ይፍቱ። ብሎኑን፣ ዳዶውንና ሮንዴላውን አንድ ፌስታል ውስጥ አድርገው እዚያው የማሽኑ አካል ላይ ይሰሩት። አንድ ዳዶ ጠፍቶ በሽቦ የታሰረ ብስክሌት የሚነዳውን ሰው መጣሉ አይቀርም። ከመፍታትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ቢያነሱት መልሶ ለመግጠም ይረዳል።

ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ ሽቅብ፣ ቁልቁልና ጥምዝ የሚበዛበት የደጋ መንገድ ነው። አይሱዙ ላይ ሲጫን ብረት ከታች፣ ከሾፌሩ ክፍል በኩል ተጠግቶ በገመድ ይታሰር። ላይ የተቀመጠ 20 ኪሎ ብረት ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ነው። ስለዚህም አንድ ነገር አደራ እንላለን፤ «ዕቃዬን ልጠብቅ» ብለው እርስዎም ሆኑ ልጅዎ ከኋላ ከጭነቱ ላይ አይሳፈሩ።

የደጋ ክረምትና የስፖርት ዕቃ

መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። የመምህራንና የሌሎች ሠራተኞች ዝውውር በብዛት የሚፈጸመው ክረምት ላይ በመሆኑ ዕቃው አዲስ ቤት የሚገባው ዝናቡና ጉሙ በበረታበት ወቅት ነው። ለብረትም ለጎማም ለምንጣፍም ጠላቱ እርጥበት ነው።

ብረት፦ በደረቅ ጨርቅ ላቡንና አቧራውን ይጥረጉ። የዛገ ቦታ ካለ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉና ንጹሕ የማሽን ዘይት በስሱ ይቀቡት። ከጋራዥ የሚገኘውን የተቃጠለ ዘይት አይጠቀሙ፤ ቆዳን ደጋግሞ ሲነካ ለጤና ጎጂ ነው። መሬት ላይ አያሳርፉት፤ በተለይ የአፈር ወለል ከሆነ ድንጋይ ወይም ጣውላ ረብርበው ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ያድርጉት። ብረቱ ሳይደርቅ በላስቲክ ጠቅልሎ ማሰር እርጥበቱን ውስጥ ማፈን ነው። መጀመሪያ ይድረቅ፤ ከዚያ ሸራ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ከላይ ጣል ይደረግበት፤ ከሥር ግን አየር ይግባው።

ምንጣፍ፦ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ጥላ ላይ በደንብ ከደረቀ በኋላ ተጠቅልሎ ይቁም። እርጥብ እንደሆነ ከተጠቀለለ ይሻግታል። ሻጋታ በተለይ አስም ላለበት ሰው ሳልና የትንፋሽ ማጠር ያስነሳል። ከቤተሰቡ አስም ያለበት ካለ የሻገተ ምንጣፍ መኝታ ክፍል ውስጥ አይቀመጥ፤ እሱ ባለበትም አይራገፍ።

ላስቲክና ጎማ፦ የሚለጠጥ ላስቲክ፣ ከአሮጌ ካላማዳሪያ ተቆርጦ የተሠራውም ጭምር፣ ፀሐይ፣ ሙቀትና ዘይት አይወድም። ከምድጃና ከነጭ ጋዝ ያርቁት፤ ፀሐይ የምትመታው ቆርቆሮ ሥርም አይስቀሉት። ከወራት በኋላ ሲያወጡት ከመሥራትዎ በፊት ቀስ ብለው ይለጥጡትና ይዩት። የጸጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ካየ ይጣል፤ ተለጥጦ የሚበጠስ ላስቲክ ዓይን ያጠፋል።

ማሽን፦ የብስክሌቱ ወይም የማሽኑ መቁጠሪያ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ከሆነ ድንጋዩን ያውጡ፤ ካልወጣ ፈሶ ውስጡን ይበላዋል። የኤሌክትሪክ ገመዱን ይንቀሉ፤ አይጥ እንዳይደርስበትም ጠቅልለው ከፍ ያድርጉት። የመሮጫ ማሽን ብዙ ኃይል የሚስብ ስለሆነ መልሰው ሲጠቀሙበት ምጣድና ፍሪጅ ከተሰካበት ማከፋፈያ ላይ አይሰኩት።

ቆጥ ላይ የሚወጣ ቀላል ነገር ብቻ ነው። ኮርኒስ ላይ ደግሞ ምንም ክብደት አይውጣ፤ ኮርኒስ የተሠራው ዕቃ ለመሸከም አይደለም፤ ከሥሩ የሚተኛው ደግሞ ሰው ነው።

በዛገ ብረት የተቆረጠ ሰው ቁስሉን ወዲያው በንጹሕ ውኃና በሳሙና በደንብ ይጠብ። ከዚያም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት እንደሚያስፈልገው ለማወቅ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በሽታውን የሚያመጣው ዝገቱ ሳይሆን አፈርና እበት ውስጥ የሚኖር ተህዋስ ነው። ስለዚህ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም፣ በተለይ አፈር የነካው ከሆነ፣ አይናቅ።

ልጅ ባለበት ቤት

ሰፊ ቤት ውስጥ የስፖርት ዕቃ የራሱ ጥግ ነበረው፤ በጠባብ ክፍል ግን የልጆች መጫወቻ አጠገብ ያድራል። ዳምቤል ከፍ ካለ ቦታ አይቀመጥ፤ ሕፃን ስቦ እግሩ ወይም ራሱ ላይ ይጥለዋል። ዝቅ ብሎ በሳጥን ውስጥ ተዘግቶ፣ ክብ ከሆነም እንዳይንከባለል ታግዶ ይቀመጥ። የዝላይ ገመድና ረጅም ላስቲክ ልጅ አንገት ላይ ሊጠመጠም ስለሚችል በር ላይ ተንጠልጥሎ አይተው። ረጅም ብረት ግድግዳ ተደግፎ አይቁም፤ ወለል ላይ ይጋደም።

የሚታጠፍ የመሮጫ ማሽን ታጥፎ ከቆመ በኋላ መቆለፉን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ፤ የማስነሻ ቁልፉን ነቅለው ልጅ ከማይደርስበት ያኑሩ። ይህ የተጋነነ ስጋት አይደለም። ፔሎተን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ትሬድ ፕላስ» የተሰኘውን የመሮጫ ማሽኑን እ.ኤ.አ. በ2021 ከደንበኞቹ ለመሰብሰብ የተገደደው አንድ የስድስት ዓመት ሕፃን ከማሽኑ ሥር ተስቦ ገብቶ ሕይወቱ ካለፈ በኋላ ነው። ሰዎች፣ የቤት እንስሳትና ዕቃዎች ከማሽኑ ሥር ስለመሳባቸው ከ70 በላይ ሪፖርቶችም ቀርበው ነበር።

መስኮቱን አይድፈኑ

ከሁሉም በላይ የምናሳስበው ይህንን ነው። ክፍሉ ሲጠብ ዕቃ መስኮት ላይ ይደረደራል። የስፖርት ምንጣፉ የመስኮቱን ንፋስ መከለያ ይሆናል፤ ብስክሌቱና ፍራሹ አየር ማስገቢያውን ይዘጋሉ። በሌላ በኩል ከጉጉፍቱ እስከ ለጋምቦና ቦረና ያለው ደጋ ብርዱ የታወቀ ነው፤ ማታ ማታ ከሰል ቤት ውስጥ ይያያዛል። አንዳንዱም «ዕቃው እንዳይሻግት ክፍሉን ላድርቀው» ብሎ ከሰል አንድዶ በሩን ይዘጋል።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ ተኝቶ ያለ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ናቸው። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸው በሩን ከፍተው ወዲያው ወደ ውጭ ይውጡና ወደ ሕክምና ይሂዱ። የከሰል ማንደጃው ከመተኛት በፊት ከቤት መውጣት አለበት። ዕቃ ለማድረቅ የሚረዳው ፀሐይና ነፋስ ነው። መስኮቱን ሳይዘጋ የሚገባ ቦታ የሌለው ብስክሌት ካለ፣ መውጣት ያለበት ብስክሌቱ ነው።

ነገሩ የመካነ ሰላም ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ከነበሩበት ሰፈር ተነስተው ኮንዶሚኒየም የገቡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። በኮንዶሚኒየም ያለው ፈተና ከዚህ ይለያል፤ ለክፍሉ የተረፈ ዕቃ ደረጃ ላይና በጋራ መተላለፊያ ላይ ይቀመጣል። እሳት ቢነሳ ወይም ታማሚ በቃሬዛ ማውረድ ቢያስፈልግ ጎረቤት ሁሉ የሚያልፈው በዚያው ነው። በረንዳ ላይ የሚቀመጥ ከሆነም ከባድ ዕቃ የበረንዳው አጥር ላይ አይንጠልጠል፤ ልጅ ረግጦት አጥሩን የሚሻገርበት መወጣጫም አይሁን።

ዕቃው ተቀምጦ ሳለ እርስዎ ምን ያድርጉ?

የአንድ ሰው ምንጣፍ የሚዘረጋበት ቦታ ካለ ይበቃል። የግማሽ ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ ውኃ ቢሞላ ግማሽ ኪሎ ነው፤ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ደግሞ አምስት ኪሎ። ጥንድ ዳምቤል አገኙ ማለት ነው። የማይነቃነቅ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ማለት ለጭን ጡንቻ ጥሩ ነው፤ አሥር ጊዜ ሠርተው ያርፉ፣ ከዚያ ይድገሙ። ወለል ላይ ፑሽ አፕ የሚከብደው ሰው ቆሞ ግድግዳ ይግፋ። በዕድሜ የገፉ እናቶችና አባቶች ግድግዳ ወይም የወንበር መደገፊያ ይዘው በአንድ እግር ለጥቂት ሰከንድ መቆም ይለማመዱ።

ለቀሪው አገሩ ራሱ ይበቃል። ወደ ሥራ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ በፈጣን እርምጃ መሄድ ይቆጠራል። እየሄዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት መካከለኛ እንቅስቃሴ ላይ ነዎት። የቦረናን ዳገት ወጥቶ መውረድ ከማንኛውም የመሮጫ ማሽን አያንስም።

ግን አይቸኩሉ። ኮምቦልቻ ያለችው 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። በ2,600 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ከሩብ በላይ ያነሰ በመሆኑ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን ይቀንሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዳገት ላይ ቶሎ ቢያለከልኩ ሰውነትዎ እየለመደ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የለመዱትን ግማሽ ብቻ ይሥሩ፤ ከዚያ በሁለትና በሦስት ሳምንት ወደ ነበሩበት ይመለሱ። የደረት ሕመም፣ ተቀምጠው ሳሉ የማይለቅ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ካጋጠመ ግን «ከፍታው ነው» ብለው አይለፉት፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ከመዛወሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ለተቀመጠው ዕቃም ቀን ይቁረጡለት። በወር አንድ ጊዜ ገልጠው ይዩት። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ብረቱንና ምንጣፉን አውጥተው ያናፍሱት፤ ብሎኑን ያጥብቁ፤ ላስቲኩን ይፈትሹ። በሚቀጥለው መስከረምም ሳይነካ ከደረሰ ለሚሠራበት ሰው ይስጡት።

ዛሬ ማታ ግን ካርቶኑ ሁሉ ሳይፈታ፣ ያቺን ትንሽ ቦርሳ ከፍተው ምንጣፉን ከአልጋው አጠገብ ይዘርጉ። ጠዋት ሲነሱ እግርዎ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ይሁን።

መልካም ጤንነት!